ለጎጃም ጉዞ ሞተር ስናሰናዳ፦ የቱን ከየቱ እንምረጥ?

ጎጃምን በሞተር ልዙር ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛዋ ሞተር ትሻላለች?" ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ግን መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ባሰባችሁት መንገድ ላይ ክፉው ሃምሳ ኪሎ ሜትር የቱ ጋ ነው? ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በእንጅባራ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ 550 ኪሎ ሜትር ያልፋል። አስፋልት ስለሆነ ጎማና ፍሬኗ ደህና የሆነ ሞተር ሁሉ ትወጣዋለች። ሰው የሚቸገረው ሌላ ቦታ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ ሲወጣ፣ ከጥሊሊ ወደ ግሽ ዓባይ ሲታጠፍ፣ ወይም በክረምት ከቢቸና ዋናው መንገድ ወርዶ ወደ ገጠር ሲገባ። ሞተሩም፣ ጎማውም፣ ሻንጣውም መለካት ያለበት በዚህ ቁራጭ መንገድ ነው። በአስፋልቱ ከለካችሁት ሁሌ የሚያሸንፈው ትልቁና ውዱ ነው። በክፉው ስትለኩት ግን ብዙ ጊዜ ምርጫው ይገለበጣል።

አገሩ ከሞተር የሚፈልገው

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለት ነው፤ ከድልድዩ እስከ ደጀንም የዚያኑ ያህል ዳገት። በዚህች አጭር ርቀት ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ወደ 1,100 ሜትር አካባቢ ወርዳችሁ መልሳችሁ ትወጣላችሁ። የዓባይ በረሃ መሬት ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ቦታ ቦታ ላይ ተጨማዶ፣ በከባድ መኪና ጎማ ልክ ቦይ ሠርቶ ይጠብቃችኋል። ለሞተረኛ ከጉድጓዱ ይልቅ ይህ ቦይ ነው አደገኛው፤ የፊት ጎማ አንዴ ከገባበት ልውጣ ሲል መሪውን ከእጅ ይነጥቃል።

ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ የወረደ ሰው ድልድዩ ጋ ሳይደርስ ፍሬኑ መሽተት ይጀምራል። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩን ይዞ መውረድ፣ ፍሬንን ደግሞ ጫን ለቀቅ እያደረጉ መጠቀም ነው። የፍሬን ሸራው ካለቀ፣ ዘይቱም ሁለት ዓመት ካለፈው ከመነሳታችሁ በፊት ይቀየር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውሃ የጠጣ ዘይት ሲግል ይፈላና የጨበጣችሁት እጀታ ባዶውን ይቀራል። በገመድ የሚሠራ፣ ዘይት የሌለው ፍሬን ካላት ትንሽ ሞተር በቀር ይህ ለሁሉም እኩል የሚሠራ ስለሆነ ከምርጫ ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛው ነገር ከፍታ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ገደማ ያጣል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ የጮቄ አናት ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በወረቀት ላይ 12 የፈረስ ጉልበት የተጻፈላት ባለ 150 ሲሲ ሞተር ደብረ ማርቆስ ላይ 9፣ ጮቄ አናት ላይ 7 ገደማ ይዛ ነው የምትጓዘው። ካርቡራቶር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያላት ከሆነች በዚያ ላይ ትታፈናለች፤ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ስለሚበዛባት ካንዴላዋ ይጠቁራል፣ ጋዝ ስትሰጧት ትንተባተባለች። ኢንጀክሽን (ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ መጥኖ የሚረጭ ዘዴ) ያላት ግን ነዳጇን ራሷ ትመጥናለች። ካርቡራቶር ያላትን ይዛችሁ ጮቄ ለማደር ካሰባችሁ ደብረ ማርቆስ ላይ መካኒክ ነዳጇን ትንሽ እንዲያሳሳላችሁ አድርጉ፤ ስትወርዱ ደግሞ ወደ ነበረችበት መመለስ እንዳይረሳ። ነዳጅ አንሷት ቆላ የወረደች ሞተር ከመጠን በላይ ትግላለች።

ሦስተኛው አፈሩ ነው። በእነማይ፣ በቢቸናና በደብረ ወርቅ ዙሪያ ጥቁሩ ዋልካ ነው። ጤፉን ያሳመረው ያው አፈር ሲረጥብ ጎማ ላይ ይጠመጠማል፤ በጎማውና በጭቃ መከላከያው መሀል እየተጠቀጠቀ ይሞላና ጎማውን ጭራሽ ያስረዋል። መቶ ሜትር ሳትሄዱ ወርዳችሁ በእንጨት ስትፈለፍሉ ትገኛላችሁ። ወደ አዊና ወደ ሜጫ ስትሻገሩ ቀይ አፈር ይበዛል። እሱ ላዩ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል እንጂ ከሥር ጠንካራ ነው፤ ረጋ ብሎ ለሄደ ያሳልፋል። በምሥራቅ ጎጃም በዝናብ ወቅት ከአስፋልት መውጣት ያሰበ ሰው ለጎማው ተጠግቶ የተገጠመውን የፊት ጭቃ መከላከያ ከፍ ማድረግ ወይም መፍታት አለበት። ብር አይፈጅም፣ የሚሰጠው ጥቅም ግን በብዙ ብር ከሚገዛ ዕቃ ይበልጣል።

ከባድ፣ መካከለኛ ወይስ ቀላል?

ከከባዶቹ ሰው ሁሉ የሚያውቃትን ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስን እንውሰድ። ነዳጇ ሞልቶ 249 ኪሎ ትመዝናለች፤ 136 የፈረስ ጉልበት፣ የ20 ሊትር ታንክ አላት። ከኋላ ሰው ጭናችሁ፣ ሻንጣ ሞልታችሁ የደጀንን ዳገት ያለ ምንም ጭንቀት ትወጣላችሁ። ወንበሯ ቀኑን ሙሉ ያስቀምጣል፣ ንፋስ አይመታችሁም፣ የከባድ መኪና ሰልፍ ለማለፍ ጉልበት አይጎድላትም። ጎጃምን በአስፋልት፣ ከባለቤታችሁ ወይም ከጓደኛችሁ ጋር ሁለት ሆናችሁ የምትጓዙ ከሆነ ከዚህች የተሻለ አልመክርም።

ችግሯ የሚጀምረው አስፋልቱ ሲያልቅ ነው። ሻንጣ፣ መከላከያ ብረትና መፍቻ ሲጨመርባት 300 ኪሎ ትጠጋለች። ጭቃ ላይ የወደቀች የዚህ ክብደት ሞተር ብቻውን የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው፤ ቢያነሳም ሁለት ጊዜ ነው፣ በሦስተኛው ወገቡ ይሟገተዋል። ጎጃም ውስጥ የሚያግዝ ሰው አይጠፋም። ማንም የለም ባላችሁበት ዱላውን በትከሻው ያጋደመ እረኛ ከየት መጣ ሳትሉት ከች ይላል፤ ሦስት አራት ሆነው ያነሱላችኋል፣ "አይዟችሁ" ብለውም ይሸኟችኋል። ግን ለምርጫ መሠረት የሚሆነው የሰው ደግነት መሆን የለበትም። ዋልካ ላይ ከወደቃችሁበት ተነስታችሁ መልሳችሁ የምትወድቁት ሃያ ሜትር ሳትርቁ ነው።

መካከለኞቹ ብዙ ናቸው፤ ሁለቱን ብቻ ላነጻጽር። ያማሃ ቴኔሬ 700 ነዳጇ ሞልቶ 205 ኪሎ ገደማ ናት፤ 73 የፈረስ ጉልበት፣ 16 ሊትር ታንክ፣ ከፊት 21 ከኋላ 18 ኢንች ቸርኬ። ሮያል ኢንፊልድ ሂማላያን 411 ደግሞ ከ200 ኪሎ ትንሽ ብቻ ብታንስም ጉልበቷ 24 ነው፤ ታንኳ 15 ሊትር ይይዛል። አዲሷ ሂማላያን 450 40 የፈረስ ጉልበትና 17 ሊትር ታንክ ይዛ መጥታለች፣ ክብደቷም 196 ኪሎ ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ያማሃዋን ይመርጣል። እኔ ግን አስቀድሜ የማየው የወንበሩን ከፍታ ነው። የቴኔሬ ወንበር ከመሬት 875 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሂማላያን 411 ደግሞ 800። ሰባት ሴንቲ ሜትር ተኩል ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ቦይ በቆረጠው ኮረኮንች ላይ ስትቆሙ ሙሉ እግር መሬት መርገጥና በጣት ጫፍ መንጠልጠል አንድ አይደሉም። ሞተር የሚወድቀው በሩጫ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ነው የሚወድቀው፣ እግር ለማሳረፍ ሲሞከር መሬቱ ሲርቅ። ቁመታችሁ ከ1 ሜትር ከ75 በታች ከሆነ፣ ሴት ሁኑ ወንድ፣ ስለ ፈረስ ጉልበት ከማውራታችሁ በፊት ወንበሩ ላይ ተቀመጡበት።

ቴኔሬ የምትበልጠው በፈጣን ኮረኮንች ላይ ነው፤ ረጅሙ ሾክ አብዞርበሯ ድንጋይና ጉድጓድ ይውጣል። ሂማላያን 411 ቀስ ብላ ሁሉም ቦታ ትደርሳለች፤ በአየርና በዘይት ስለምትቀዘቅዝ በድንጋይ የሚበሳ ራዲያተር የላትም። ከዓባይ በረሃ ዳገት ላይ ከከባድ መኪና ኋላ ስትንፏቀቅ ትግላለች፤ ብትቆሙላት ግን ትበርዳለች።

ወደ ቀላሎቹ ስንመጣ፣ በየከተማችን የምናያቸው ባለ 125 እና ባለ 150 ሲሲ ሞተሮች አሉ፤ ቦክሰር፣ ቲቪኤስ፣ የቻይናዎቹ። ከነሱ ጎን የግብርና ባለሙያዎችና የጤና ሠራተኞች ለዓመታት ገጠሩን ያዳረሱባቸው የያማሃ ኤጂና ዲቲ፣ የሆንዳ ኤክስኤል አሉ። "በዚች ሩቅ አገር አይኬድም" የሚል ሰው አይጠፋም። ኤጂ 200ን ቀርባችሁ እዩዋት፤ ሰንሰለቷ ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ነው፣ ማቆሚያ እግር በግራም በቀኝም አላት፣ በእግር ትነሳለች። የተሠራችው ለእርሻ ቦታ ስለሆነ እንጂ ማስታወቂያ ላይ አትዘንጥም። ባትሪዋ ቢሞት ትረግጧታላችሁ፤ ቢኤምደብሊውዋ ባትሪዋ ከሞተ በመኪና የምትጫን ዕቃ ሆነች ማለት ነው።

የቀላሏ ድክመትም ግልጽ ነው። በአስፋልት ላይ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ስትነዷት ትንቀጠቀጣለች፤ የኋላ መኪና ያስጨንቃችኋል። ሻንጣ ጭና የደጀንን ዳገት የምትወጣው በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአንድ ቀን ልግባ ማለት በሷ አይታሰብም፤ ደብረ ማርቆስ ማደር ነው። መለዋወጫዋ ግን በፍኖተ ሰላምም፣ በዳንግላም፣ በሞጣም ከሱቅ ይገዛል፤ የፍሪሲዮን ገመድ፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ። ባጃጅ የሚጠግን ልጅ ሁሉ ሊፈታት ይችላል።

በሁለቱ መሀል ያሉትን እንደ ሆንዳ ሲአርኤፍ 300 ኤል ያሉትንም አትርሱ። 142 ኪሎ ብቻ ናት፤ ለጮቄ መንገድ ከሁሉም የምትቀለው እሷ ናት ብል አላጋነንኩም። ጉድለቷ ታንኳ ነው፤ 7.8 ሊትር ብቻ። ራሊ የሚባለው ዓይነቷ 12.8 ሊትር ይይዛል፤ ካገኛችሁት ያንን ውሰዱ።

ስለዚህ፦ ሁለት ሆኖ በአስፋልት ለሚጓዝ ከባዷ። ብቻውን ሆኖ ግማሹን አስፋልት፣ ግማሹን ኮረኮንች ለሚሄድ መካከለኛዋ። ሳይቸኩል ከሰከላ እስከ ቢቡኝ ገጠሩን ላስስ ለሚል ቀላሏ። የእኔ ሚዛን ወደ ሁለተኛዋና ወደ ሦስተኛዋ ያጋድላል፤ ጎጃም ውስጥ የሚታይ ነገር ያለው ከአስፋልቱ ወጣ ሲባል ነውና።

ጎማ፦ ከሁሉ አስቀድሞ ብር የሚወጣበት

ጎማ ሦስት ዓይነት ነው ብለን እንነሳ። ለአስፋልት ያደላው፣ እንደ ሜትዘለር ቱራንስ ያለው፣ ብዙ ይቆያል፣ በዓባይ ጠመዝማዛ ላይ ያስተማምናል፤ ጭቃ ላይ ግን በአንድ ዙር ተሞልቶ መላጣ ይሆናል። ጥርሱ ትልቅ የሆነው፣ እንደ ኮንቲኔንታል ቲኬሲ 80 ያለው፣ ጭቃውን ይነክሳል፤ አስፋልት ላይ ይጮሃል፣ በከባድ ሞተር ላይ የኋላው በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ያልቃል። መሀል ላይ ያሉት፣ እንደ ሃይዴናው ኬ60 እና ሚታስ ኢ-07፣ ከጥርሳሙ ይልቅ ብዙ ይቆያሉ፤ ኮረኮንችም ላይ አያሳፍሩም።

ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ለሚጓዝ መሀለኛው ይበቃል። አንድ ሰው ግን ብሩ ለአንድ ጥሩ ጎማ ብቻ ቢኖረው ጥርሳሙን ከፊት ይግጠም። የኋላ ጎማ ቢንሸራተት ሞተሯ ታወዛውዛችኋለች፤ የፊቱ ሲንሸራተት መሬት ላይ ናችሁ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፤ የኋላውን አሳምሮ የፊቱን አሮጌ ይተወዋል፣ "ገና ጥርስ አለው" እያለ።

ከመነዳሪ (በጎማው ውስጥ የሚነፋው ላስቲክ) ያለው ወይስ የሌለው? ይህ ክርክር በከተማና በገጠር መልሱ ይለያያል። ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ሚስማር ሲወጋው ሳይፈታ፣ የጎማ ክር ተሰክቶበት በአሥር ደቂቃ ይነፋል። ከመነዳሪ ያለው መፈታት አለበት፤ ለለመደ ሰው እንኳ ጊዜና ላብ ይጠይቃል። እስከዚህ የሌለው ያሸንፋል። ነገር ግን ቸርኬው በድንጋይ ተመትቶ ጠርዙ ቢጎረብጥ፣ ከመነዳሪ የሌለው ጎማ አየር መያዝ ያቆማል፤ ያለው ግን ጎርብጦም ያደርሳችኋል። በየመንገዱ ያለ ጎሚስታ ደግሞ ከመነዳሪ ሲለጥፍ የኖረ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል። ከአስፋልት ርቆ ለሚሄድ ያለውን እመርጣለሁ፤ ዋናውን መንገድ ለማይለቅ የሌለው ይሻላል።

የፊት ጎማችሁ 21 ኢንች ከሆነ አንድ ትርፍ የ21 ከመነዳሪ ያዙ። በቸገረ ጊዜ የኋላው 18 ውስጥ ታጥፎ ይገባና እስከሚቀጥለው ከተማ ያደርሳል፤ የኋላው ትልቅ ከመነዳሪ ግን ከፊት አይገባም። በዚህ አንድ ከመነዳሪ ለሁለቱም ይሆናል፣ የሻንጣ ቦታም ይተርፋል። በሻንጣ ውስጥ ሲያድር በመፍቻ ተፋትጎ እንዳይበሳ በአሮጌ ካልሲ ጠቅልሉት።

የጎማ ነፋስን በተመለከተ፣ በአስፋልት ተጭናችሁ ስትሄዱ ከፊት 33፣ ከኋላ 36 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ለመካከለኛ ሞተር ጥሩ መነሻ ነው። ኮረኮንች ስትገቡ ወደ 25 ዝቅ ማድረግ መሪውን ያረጋጋዋል፤ ከዚያ በጣም ካወረዳችሁት ግን ድንጋይ ከመነዳሪውን ከቸርኬው ጋር ቆንጥጦ ይበሳዋል። ለማውረድ የደፈረ ሰው መልሶ መንፊያ ሊኖረው ይገባል፤ ከባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ወይም የብስክሌት ፓምፕ። የብስክሌቱ ያደክማል እንጂ አይበላሽም።

የብረት ሻንጣ ወይስ የሸራ?

ፎቶ ላይ የአሉሚኒየም ሳጥን የሚያህል የለም። ይቆለፋል፣ ዝናብ አያስገባም፣ ሲቆሙ ወንበር ይሆናል። ሆቴል ደጅ አቁማችሁ ምሳ ለመብላት ልባችሁ ያርፋል። አስፋልት ላይ ለሚቀር ሰው መልሱ ይኸው ነው።

ከአስፋልት ስትወጡ ሁለት ነገር ይለወጣል። አንደኛ፣ በጭቃ ላይ እግራችሁን ለማሳረፍ ስትዘረጉ ሞተሯ ወደፊት ትሄድና ሳጥኑ ባታችሁን ከኋላ ይመታዋል፤ እግር የሚሰበረው እንዲህ ነው። የሸራ ሻንጣ ግን ተጣጥፎ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ስፋት። ሳጥን የተገጠመላት ሞተር ከመሪዋ የሰፋች ትሆናለች። በገበያ ቀን በከብትና በአህያ መሀል ስታልፉ፣ ጭነት ከተጫነች አህያ ጎን መጋጨት ከባድ አይደለም። ማታ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፤ በትንንሽ ከተሞች ፔንሲዮን ስትይዙ ሞተሯ ግቢ ገብታ ማደር አለባት፣ ብዙውን ጊዜ የምትገባው በትልቁ የቆርቆሮ በር ላይ በተቆረጠችው ትንሿ በር ነው። የሸራ ሻንጣ ያላት ትገባለች። ሳጥን ያላት ሳጥኗን ፈትታ፣ ወይም ዘበኛው የትልቁን በር ቁልፍ ፈልጎ እስኪመጣ ቆማ።

የሸራ ድክመት ሁለት ነው፤ አይቆለፍም፣ ጥራቱ ዝቅ ያለው ዝናብ ያሳልፋል። ለዝናቡ መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ልብሱን መጀመሪያ በወፍራም ላስቲክ፣ ከዚያ በማዳበሪያ ከረጢት አስገብቶ ማሰር። ለሌባው ደግሞ ዋጋ ያለውን ነገር፣ ወረቀት፣ ስልክ፣ ብር፣ በጀርባ በምትታዘል ትንሽ ቦርሳ መያዝ።

የትኛውንም ብትመርጡ ከባዱ ዕቃ፣ መፍቻና ትርፍ ዕቃ፣ ወደ ታችና ወደ መሀል ይሁን። ከኋላ ፖርቶመጋላ ላይ የሚታሰረው ቀላሉ ብቻ ነው፤ ጋቢ፣ የመኝታ ከረጢት፣ የዝናብ ልብስ። ጋቢ ስል አልቀለድኩም፤ ጮቄ ላይ ለሚያድር ሰው ከብዙ ውድ ጃኬት ትሻላለች። ከኋላ ከፍ ብሎ የተጫነ ጭነት የፊት ጎማውን ያቀለዋል፣ ዳገት ላይ መሪው ሲንሳፈፍ ይታወቃችኋል። ጭነቱ ከተጫነ በኋላ የኋላውን ሞላ አጥብቁት፤ ሳታጠብቁ ብትነዱ መብራታችሁ ዛፍ ላይ ነው የሚያበራው።

ትልቅ ታንክ ወይስ ጀሪካን?

በርቀት ካየነው ጎጃም ውስጥ ነዳጅ ማደያ ከማደያ አይራራቅም። ችግሩ ማደያው አለ ማለት ቤንዚን አለ ማለት አለመሆኑ ነው። ማደያው ደረቅ ከሆነ ወይ ተሰልፎ ማደር፣ ወይ በጀሪካን ከሚሸጥ መግዛት ይመጣል። የጀሪካኑ ዋጋው ብቻ አይደለም የሚያሳስበው፤ ውሃና ቆሻሻ ይኖረዋል። በነጭ ጨርቅ አጥልላችሁ ጨምሩ፤ ውሃ መኖሩን ለማየት በላስቲክ ጠርሙስ ትንሽ ቀድታችሁ አስቀምጡት፣ ውሃው ከታች ይዘቅጣል። ኢንጀክሽን ያላት ሞተር ለቆሻሻ ቤንዚን ከካርቡራቶሯ የባሰ ስሱ ናት፤ ካርቡራቶር በመንገድ ዳር ተፈትቶ ይነፋል፣ የኢንጀክሽን ፓምፕ ግን አይነፋም። በከፍታው የተሸነፈችው ካርቡራቶር እዚህ ላይ ትክሳለች።

ስለዚህ የምትፈልጉት ሙሉ ታንክ ይዛችሁ 300 ኪሎ ሜትር መሄድ ነው። ሂማላያን፣ ቴኔሬ፣ ጂኤስ፣ ባለ 11 ሊትሯ ቦክሰር ሁሉም ያደርጉታል። ለነዚህ ትልቅ ታንክ ማስገጠም ብር ማባከን ነው። ለሲአርኤፍ 300 ኤል ዓይነቷ ግን አምስት ሊትር ተጨማሪ ያስፈልጋል፤ ትልቅ ታንክ ካላገኛችሁ ጥብቅ ክዳን ያለው ጀሪካን ከጎን፣ ዝቅ ብሎ ይታሰር። በውሃ ፕላስቲክ ቤንዚን ጭኖ ዓባይ በረሃ መውረድ አይሆንም፤ ሙቀቱ ያሳብጠዋል፣ ክዳኑ ያንጠባጥባል፣ ማርሚታው ደግሞ ከሥሩ ግሎ ነው ያለው። አንድ ልማድ ብቻ ያዙ፤ ታንኩ ግማሽ ሲሆን ቤንዚን ያለው ማደያ ካያችሁ ሙሉት። ክፍያው እንደ ቴሌብር ባለ የስልክ መክፈያ ስለሆነ ስልካችሁ ቻርጅ ይኑረው።

ሰንሰለት፣ መከላከያ፣ መፍቻ

ሰንሰለትና ሻፍትን (በሰንሰለት ፈንታ የኋላ ጎማን የሚያዞር ብረት) ማነጻጸር ያን ያህል አያደክምም፤ ምርጫው ከሞተሯ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ሻፍት ያለው ዘይት ቀይሮ ይረሳዋል፤ ከተበላሸ ግን የገጠር መካኒክ አይነካውም። ሰንሰለት ያለው በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ ከጭቃ በኋላ ደግሞ በዚያው ማታ፣ ያጽዳ ይቀባ። ማጽጃው ነጭ ጋዝ ነው፤ ቤንዚን የሰንሰለቱን የጎማ ቀለበቶች ይበላቸዋል። የማርሽ ዘይት በጨርቅ ቀብቶ ትርፉን መጥረግ ይበቃል።

ከመከላከያ ሁለቱ ግድ ናቸው፤ ከሥር የሞተሩን ሆድ ከድንጋይ የሚጠብቀው ብረትና ፍሪሲዮንና ፍሬን እጀታን የሚከልለው የእጅ መከላከያ። የመጀመሪያው ከሌለ የዘይት መክፈቻው ብሎን ድንጋይ ሲመታው ጉዞው እዚያው ያበቃል። በየጎኑ የሚገጠመው ትልቁ የብረት አጥር ለከባዷ ይጠቅማል፣ ለቀላሏ ክብደት ነው። ተጨማሪ ፓውዛ ስለሚጠይቁ፦ ማታ ላለመንዳት የሚወስን ሰው አያስፈልገውም፤ ማታ ደግሞ መነዳት የለበትም። ከብቱ፣ እግረኛው፣ መብራት የሌለው ጋሪ ሁሉ ያኔም መንገድ ላይ ነው።

ከመፍቻ የሞተራችሁ ብሎኖች የሚፈልጉትን ብቻ ያዙ። እንዴት ታውቃላችሁ? ቤት ሳላችሁ ሁለቱንም ጎማ በያዛችሁት መፍቻ ብቻ ፈትታችሁ ግጠሙ። የጎደለው ቁጥር ያኔ ይታወቃል፤ የኋላ ጎማ ዳዶ ብዙ ጊዜ በመፍቻ ጥቅሉ ውስጥ የማይገኝ ትልቅ ቁጥር ነው። ከዚያ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የጎማ መፍቻ ብረት፣ ልጣፊና ማስቲሽ፣ ሽቦ፣ ፊውዝ፣ አንድ ካንዴላ፣ አንድ የሰንሰለት ማያያዣ። የፍሪሲዮኑን ትርፍ ገመድ ከነባሩ ጎን አስጠግታችሁ ቀድማችሁ ዘርጉት፤ ሲበጠስ ጫፉን መቀየር ብቻ ይሆናል።

መቼና በምን ወረቀት?

ከጥቅምት እስከ ኅዳር ያለውን የሚያህል የለም፤ አደይ አበባው ባይኖርም አገሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ጭቃው ደርቋል፣ አቧራው አልተነሳም። የካቲትና መጋቢት ደረቅ ናቸው፤ አቧራ ይበዛል፣ የአየር ፊልትሮ በየሁለት ሦስት ቀኑ መራገፍ ይፈልጋል፣ ዓባይ በረሃም ይግላል። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ አስፋልቱን አትልቀቁ። በነሐሴ ጢስ ዓባይ ሲፈስ ለማየት ብቻ ከሆነ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ጥርሳም ጎማ ያለው ይደርሳል።

ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የሦስተኛ ወገን መድንና የዘመኑ ቦሎ በእጅ ይሁኑ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት የተነሳ መንገድ የሚዘጋበት፣ የመንቀሳቀሻ ሰዓት የሚገደብበት ጊዜ አለ፤ ለዚህ የሚሆን ጎማም መፍቻም የለም። የምትሄዱበት ከተማ ላለ ዘመድ ወይም ለምታድሩበት ሆቴል በዋዜማውና በዕለቱ ጠዋት ደውላችሁ ጠይቁ። "ለሞተር ይሆናል ወይ?" ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ፤ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ሁሉ ሞተር አያሳልፍም።

ሙከራው

ሁሉም ከተገጠመና ከተጫነ በኋላ በቀጥታ ረጅሙን ጉዞ አትጀምሩ። ከአዲስ አበባ የምትነሱ ሙሉ ጭነቱን እንደጫናችሁ ደብረ ሊባኖስ ወይም ፍቼ ደርሳችሁ ተመለሱ፤ መንገዱ ያው የጎጃም መንገድ ስለሆነ ሙከራው እውነተኛ ነው። ከባሕር ዳር ለሚነሳ የጢስ ዓባይ መንገድ ይበቃል። ስትመለሱ የፖርቶመጋላውን፣ የሻንጣ ማሰሪያውንና የመከላከያውን ብሎኖች አንድ በአንድ በመፍቻ ንኩ፤ አዲስ የተገጠመ ነገር በመጀመሪያው ንቅንቅታ ይላላል። የሻንጣው ማሰሪያ ማርሚታው ጋ ደርሶ ቀልጦ እንደሆነ እዩ። ሰንሰለቱን በጭነት ላይ ሳላችሁ ለኩት፤ ባዶዋን ሳለች ልክ የነበረው ሲጫንባት ይጠብቃል፣ የጠበቀ ሰንሰለት ደግሞ የኋላውን ኩሽኔታ ይጨርሳል። በሙከራው ያልነካችሁትን ዕቃ ከሻንጣ አውጥታችሁ ቤት ተዉት፤ መለዋወጫ፣ መድኃኒትና የዝናብ ልብስ ሲቀሩ።